ሞተር ሲሞቅ ስለምን ይንቀጠቀጣል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። አውቶሞቢል ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ሲታመም ይንቀጠቀጣል፥ ይጨሳል፥ ያንኳኳል፥ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚያስቸግረው እኛ ሰዎች የሚነግረንን ሳናዳምጥ ወደ ካቻቢቴ መሮጣችን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከአሮጌ መኪና ሕመሞች አንዱን ብቻ መርጬ፥ ምክንያቱ በምን ተራ እንደሚፈለግ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ይኸውም ሞተሩ ጧት ሲነሣ ደኅና ሆኖ ሳለ፥ ከሞቀ በኋላ ግን መኪናው በቆመበት የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው።

ለምሳሌ የማቀርበው በከተማችን ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ቮልስዋገንን ነው። ይህ ፈርዲናንድ ፖርሽ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው መኪና፥ እ.ኤ.አ. በየካቲት 17 ቀን 1972 የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ክብረ ወሰን አልፏል። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 30 ቀን 2003 ሜክሲኮ ውስጥ በፑዌብላ ፋብሪካ ሲወጣ፥ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ተጋድመው ይሠራሉ። የሚቀዘቅዘውም በነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የለውም። ከሁሉ በላይ ግን ለተማሪ የሚጠቅመው፥ በውስጡ ኮምፒዩተር ባለመኖሩ ምክንያትና ውጤት በዐይን የሚታዩበትና በእጅ የሚዳሰሱበት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፥ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቆ የመያዝ ዕውቀት ዋጋው ከፍ ብሏል።

ሚኒሞ ምንድር ነው?

መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በተወረሰ ቃል «ሚኒሞ» የሚሉት፥ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ሞተሩ ራሱን ብቻ ችሎ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በቮልስዋገን ይህ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ነው። ሞተሩ ባለ አራት ምት ስለሆነ፥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። እንግዲህ አንዱ በደቂቃ 425 ጊዜ፥ አራቱ በድምሩ 1,700 ጊዜ ይተኩሳሉ ማለት ነው፤ ይህም በሴኮንድ 28 ጊዜ ገደማ ይሆናል። ከአራቱ አንዱ ሥራውን ቢተው፥ በየሴኮንዱ ሰባት ጊዜ ክፍተት ይፈጠራል። በመቀመጫችን ሥር የሚሰማን መንቀጥቀጥ ይህ ነው።

አንድ ሲሊንደር ለመተኮስ አራት ነገር ይፈልጋል፤ በጊዜው የሚደርስ ብልጭታ፥ መጠኑን የጠበቀ አየር፥ መጠኑን የጠበቀ ቤንዚን፥ እንዲሁም ይህን ሁሉ ሳያፈስ የሚጨምቅ ክፍል። ከእነዚህ ከአራቱ ውጭ የሚፈለግ ምክንያት የለም።

«ታዲያ መኪናው ሲሮጥ ደኅና ሆኖ ሲቆም ብቻ ስለምን ይንቀጠቀጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው። መኪናው ሲሮጥ ሞተሩ ብዙ አየርና ብዙ ቤንዚን ስለሚስብ፥ በአንዲት ስንጥቅ የሚገባው ጥቂት አየር አይታወቅበትም። በሚኒሞ ጊዜ ግን የሚስበው እጅግ ጥቂት ነውና፥ ያችው ስንጥቅ ሚዛኑን ታፈርሳለች። ባለጸጋ ቤት አሥር ብር ቢጠፋ ማንም ልብ አይል፤ ደኻ ቤት ቢጠፋ ግን ራት ይጎድላል። ሚኒሞ የሞተር የድህነት ሰዓት ነው።

ሙቀት ምን ያደርጋል?

ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም። ስለዚህ በካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለችው ስስ የብረት ክዳን ተዘግታ አየሩን ትቀንሳለች፥ ቤንዚኑም በአንጻሩ ይበዛል። ይህ የበዛ ቤንዚን፥ ያልተፈለገ አየር በስንጥቅ ቢገባ እንኳ ጉድለቱን ይሸፍናል። ሞተሩ ሲሞቅ ክዳኗ ትከፈታለች፤ ቤንዚኑ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ተሸፍኖ የነበረውም ጉድለት ይገለጣል። ብዙ ሰው «ሙቀት አበላሸው» የሚለው መኪና፥ ከጧት ጀምሮ የታመመ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፥ ሙቀት ብረትን ያስረዝማል፥ ጎማን ያላላል፤ ሲቀዘቅዝ የገጠመ ስንጥቅም ሲሞቅ ይከፈታል። ሦስተኛ፥ የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር ኤሌክትሪክን የመቋቋም ጠባዩ በሩብ ገደማ ያድጋል፤ በሽቦው ላይ ያለው ሽፋንም አርጅቶ እንደሆነ በሙቀት ይሸነፋል። አራተኛ፥ ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ስለሆነ፥ ቀላሉ ክፍል በባሕር ጠረፍ እንኳ 40 ዲግሪ ሳይሞላ መፍላት ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ጫና ያነሰ በመሆኑ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፥ ቤንዚንም ከዚያ ፈጥኖ ይፈላል።

ምክንያቱ በምን ተራ ይፈለግ?

በሰፈራችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። የመኪና ነገር ስጠይቃቸው ዘወትር የሚሉኝ፥ «ልጄ፥ ካቻቢቴ ከማንሣትህ በፊት ለሞተሩ ጆሮህን ስጠው» ነው። ከእርሳቸው የተማርሁት ተራ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ማዳመጥ። መንቀጥቀጡ እንደ ከበሮ ምት ልኩን ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ፥ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው አንድ ሲሊንደር ነው። አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ፥ ልክ የሌለው ከሆነ ግን ጥፋቱ ለሁሉም የጋራ በሆነ ነገር ላይ ይሆናል። አንዱን ለይቶ ለማወቅ፥ ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ካንዴላ ገመድ መንቀልና ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት፥ ከዚያም ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነሥቶ ማዳመጥ ነው። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካልመጣ ግን ሕመምተኛው እርሱ ነው። በዚህ ዓይነት አራቱም በየተራ ይመረመራሉ። በቮልስዋገን በተለይ ለ3ኛው ሲሊንደር መጠንቀቅ ይገባል፤ በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይቱ ማቀዝቀዣ ወደ እርሱ በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለቆመ፥ ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል።

2ኛ፤ ቫልቮላና ጭመቃ። ይህ ምርመራ የሚጀምረው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነው። በቫልቮላውና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ለአብዛኞቹ የኋለኛ ዘመን ሞተሮች 0.15 ሚሊሜትር ነው። ቫልቮላው መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ይህ ክፍተት ይጠባል። ፈጽሞ የጠፋ እንደሆነ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፤ ጭመቃው ያፈስሳል፥ ቫልቮላውም ማረፊያ አጥቶ ይቃጠላል። እዚህ ላይ ማስታወስ የሚገባው ነገር አለ፤ የሚያንኳኳ ቫልቮላ ጆሮን ያስቸግራል እንጂ ብዙ አይጎዳም፤ አደገኛው ድምፁን አጥፍቶ ዝም ያለው ነው።

3ኛ፤ ብልጭታ። ካንዴላው ተነቅሎ ሲታይ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ የነጣ ከሆነ ደግሞ አየር በዝቷል፥ ወይም ሙቀት በርትቷል። ከዚያ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋው ፑንቲና ይታያል፤ በሚከፈትበት ጊዜ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ከፍተኛውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ቦቢና እና ከፑንቲናው ጋር የተያያዘውን ኮንደንሰር መጠርጠር ይገባል። ቦቢናውን ለመፈተን፥ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፥ የሽቦዎቹን መያዣ ሳይነካ፥ በቆርቆሮ አካሉ ላይ መጠቅለል ይበቃል። ቦቢናው ሲበርድ ጨርቁ ይነሣና ሞተሩ እንደገና ይነሣል፤ መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ቦቢናው ሲሞቅ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ኮንደንሰር ግን ዋጋው ጥቂት ስለሆነ፥ ደኅና መሆኑ በታወቀ በሌላ ለውጦ መፈተኑ ይቀላል።

4ኛ፤ አየር። ከካርቡራተሩ እስከ ሲሊንደሮቹ ባለው መንገድ ላይ አየር ያለ ፈቃድ የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው፤ የካርቡራተሩ መቀመጫ፥ የቧንቧው መጋጠሚያዎች፥ ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው ቀጭን ቱቦ። አንዳንዶች ይህን ለመመርመር ቤንዚን ይረጫሉ፤ በሞቀ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጥራት ነው። ጋሼ የሚያደርጉት፥ በትንሽ ብሩሽ ወፍራም የሞተር ዘይት በየመጋጠሚያው መቀባት ነው። ዘይቱ ስንጥቁን በሚሸፍንባቸው ጥቂት ሴኮንዶች የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል።

5ኛ፤ ቤንዚን። የካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለችው ክዳን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቀጥ ብላ መቆሟን በዐይን ማየት ያስፈልጋል። ቀጥሎ በብዙዎቹ ካርቡራተሮች ላይ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚከፍትና የሚዘጋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ካልሰጠ፥ ሽቦው ወይም እርሱ ራሱ ተበላሽቷል። ደግሞም በከተማችን የአየሩ ጥቅጥቅነት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፥ ለቆላ ወይም ለባሕር ዳርቻ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጠቁሮ ሲገኝ ይህንንም ማሰብ ይገባል።

የሚኒሞው ብሎን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከተራው ሁሉ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ወይም የማይዘጋ ቫልቮላ ብሎን በማዞር አይድንም። ብሎኑን አስቀድሞ የሚያዞር ሰው፥ በሽታው ሳይድን ምልክቱን ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መካኒክም የሚያዳምጠው ነገር ያጣል።

በአንድ መኪና ላይ የታየ ማስረጃ

ይህ ተራ ከገንዘብም ከሕይወትም ጋር ግንኙነት እንዳለው የተረዳሁት በቤታችን ቮልስዋገን ነው። መኪናው የ1973 ሞዴል 1300 ሲሆን፥ አያቴ ገዝተውት ለአባቴ ያወረሱት ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጡ፥ መብራት ይዟቸው እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው እንዳነሡ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ከኋላቸው የጭነት መኪና ተጠግቶ ቆሞ ነበር፤ በመኪናው ውስጥም እናቴና ታናሽ እኅቴ ነበሩ። ይህ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ።

መኪናው የተወሰደበት ጋራዥ የአራቱን ሲሊንደሮች ጭመቃ ለክቶ፥ ቁጥሩ በመጽሐፍ ከተጻፈው በሩብ ገደማ ያነሰ መሆኑን አገኘ። ስለዚህም ሞተሩ ተበልቷልና ወርዶ መከፈት አለበት ተባለ። የተጠየቀው ገንዘብ ወላጆቼ ለታላቅ እኅቴ የነርስነት ትምህርት ካጠራቀሙት ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው ነበር። አባቴም መኪናውን ለሚገኘው ዋጋ ለመሸጥ ቈረጡ።

ጋሼ የጋራዡን ወረቀት ተቀብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «አራቱ እርስ በርሳቸው እንዴት ናቸው?» አሉ። አራቱ ቁጥሮች እኩል ለመሆን ምንም ያህል አልቀራቸውም። ጋሼም ፈገግ ብለው፥ «አራት ሰዎች በአንድ ቀን በአንድ ልክ አይታመሙም» አሉ።

ነገሩን በፊዚክስ ትምህርታችን መረዳት ይቻላል። የጭመቃ መለኪያ የሚያሳየው ፒስተኑ ያገኘውን አየር ጨምቆ ያደረሰበትን ጫና ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ጫና በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ 100 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር፥ አዲስ አበባ ላይ 76 ገደማ ቢያሳይ አንዳች አልጎደለውም። ይህን ስጽፍ ጋራዡን ለመውቀስ አይደለም። መለኪያው አልዋሸም፥ መጽሐፉም አልዋሸም፤ ነገር ግን መጽሐፉ የተጻፈበትና መለኪያው የተነበበበት አገር ከፍታቸው ልዩ ልዩ ነበር። ከፍ ባለ አገር ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ብቻ ሳይሆን፥ ሲሊንደሮቹንም እርስ በርሳቸው ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ ተራውን ተከተልን። መንቀጥቀጡ ልክ የሌለው ስለሆነ፥ ምክንያቱ ለአንድ ሲሊንደር ብቻ የሚሆን አልመሰለም። ቫልቮላዎቹ በማግሥቱ ጧት በቀዝቃዛው ተለክተው ደኅና ሆኑ። ካንዴላዎቹ ነጣ ብለው ተገኙ፤ ይህም ወደ አየር አመለከተን። ቦቢናውም በእርጥብ ጨርቅ ተፈትኖ ለውጥ አላመጣም። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ከሞቀና መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ፥ ዘይት የነካውን ብሩሽ ይዤ መጋጠሚያዎቹን በተራ ቀባሁ። በዚህ ሞተር አየር የሚያልፍበት ቧንቧ መካከለኛው ክፍል ከግራና ከቀኝ ጫፎቹ ጋር የሚያያዘው በሁለት የጎማ እጅጌዎች ነው። የግራውን ስቀባ ሞተሩ ለጥቂት ሴኮንዶች ጸጥ ብሎ ዞረ፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ ሲሳብ መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከርን፤ ውጤቱ አንድ ነበር።

እጅጌው ሲወልቅ ከሥር በኩል፥ ከላይ ለሚያይ በማይታይበት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ጧት የበዛው ቤንዚን ጉድለቱን ይሸፍንለት ነበር፤ ሲሞቅ ግን ክዳኗ ስትከፈትና ጎማው ሲላላ ሁለቱ ነገሮች ተባበሩበት። ሁለቱንም እጅጌዎች ከነማሰሪያቸው ለወጥን፤ ዋጋቸው ከአንድ ጥንድ የተማሪ ጫማ አይበልጥም። ከዚያ ወዲያ ሚኒሞው በ850 ዙር ላይ ተስተካከለ፤ መኪናው አልተሸጠም፥ እኅቴም በዚያው ዓመት ትምህርቷን ጀመረች።

ሊረሱ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

ይህን ሥራ ለመሞከር የሚፈልጉ ጓደኞቼ ከሚያውቅ አዋቂ ሰው ጋር ይሁኑ እንጂ ብቻቸውን አይሞክሩት። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣም፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለው፥ ሰውንም በዝምታ ይገድላል። ነጠላ፥ ሻርፕ፥ የተለቀቀ ጠጉር ከቺንጋው መራቅ አለባቸው። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የቤንዚን ቱቦዎቹ ይታዩ፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ በሞቀ ሞተር ላይ ካፈሰሰ መኪናውን በሙሉ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ቱቦ የተገኘ እንደሆነ፥ ሌላው ሁሉ ቀርቶ አስቀድሞ እርሱ ይለወጥ።

ለወላጆችም አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። መኪና ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገሮች ቢጻፉ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ይተርፋል፤ ሞተሩ ከተነሣ ስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚጀምረው፥ መንቀጥቀጡ ልክ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን፥ ነዳጅ ሲሰጠው እንደሚተው ወይም እንደማይተው፥ ጧት በቀዝቃዛው ጊዜ ምልክቱ ይኑር አይኑር። ሞተሩ ይከፈት የሚባል ከሆነም፥ የአራቱ ሲሊንደሮች ጭመቃ ቁጥር በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ መብት ነው። ቁጥሮቹ እኩል ሆነው ከመጽሐፉ በሩብ ያህል ብቻ ካነሱ፥ ለመክፈት አይቸኮል፤ በመጀመሪያ አንድ ብሩሽና ጥቂት ዘይት ይፈለግ።